መጀመሪያ አፈሩን፣ ከዚያ ሰማዩን፦ ጣናን በዘይት ቀለም ስለመሳል

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ላይ ለተሰበሰቡ ወጣት ሰዓልያን ያደረግሁት ንግግር ነው። በቦታው ያልነበሩ ልጆች ስለጠየቁኝ ከድምፅ ቅጂው ገልብጬ አቅርቤዋለሁ። እዚህም እዚያም ጥቂት ቃላት ከማስተካከሌ በቀር አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቼ፣ ከኋላ የቆማችሁትም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንበሩ አልበቃም መሰለኝ። ግድ የለም፣ እዚህ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ቦታ አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። ቅረቡ።

ስለጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። እንድናገር የጠየቃችሁኝ የባሕር ሥዕል በዘይት ቀለም ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ ነው። ለአንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው "ባሕር የት አለንና?" አለኝ። ባሕር የት አለን? የከተማችን ስም ማን ነው? ባሕር ዳር አይደለም እንዴ? አያቶቻችን ይህን ውሃ ባሕር ብለው ነው የጠሩት። አልተሳሳቱም። ዳር ላይ ቁሙና ወደ ሰሜን እዩ። ማዶው ይታያችኋል? አይታይም። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዳር ላይ የቆመ ሰው ውሃውና ሰማዩ ሲገጥሙ የሚያየው ከእግሩ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ውሃ የምድር ክብነት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፊት ለፊታችን ያለው እውነተኛ የባሕር አድማስ ነው። ጨው ብቻ ነው የሌለው።

እንግዲህ ዛሬ አራት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ ማየት። ሁለተኛ ንድፍ። ሦስተኛ ቀለሙን መደራረብ። አራተኛ መጨረስ። ማየት ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምንወድቀው ብሩሽ ሳናነሳ ነው።

አንደኛው፣ ማየት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ጣና ምን ዓይነት ቀለም አለው? … ሰማያዊ አላችሁ። ሌላስ? … እዚያ ጥግ ያለሽው ልጅ ምን አልሽ? "እንደ ቀኑ ነው" አልሽ? እግዜር ይስጥሽ። እንደ ቀኑ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ የጣና ሥዕል አዘዘኝ። ሁለት ሜትር የሚሞላ ሸራ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ንድፉን ይዤ ስሄድ የነገሩኝ ቃል አንድ ነበር፦ "ውሃውን ሰማያዊ አድርገው፤ እንግዳ ይወደዋል።" እኔም አደረግሁት። እንደ ካላንደር ሥዕል ሰማያዊ አደረግሁት። ጨርሼ ሥዕሉን ከግቢ አወጣሁና መንገድ ዳር አቁሜ ባጃጅ እጠብቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከሐይቁ እየተመለሱ ነበር። በእጃቸው በገመድ የተሰኩ አራት ቆሮሶ አሉ። ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ይሄ የት አገር ነው?"

"ጣና ነው እኮ አባባ።"

"የቱ ጣና?"

እኔ ዝም አልኩ። እሳቸው ወደ ሸራው ጎንበስ ብለው አዩና "ዛፉ የኛ ነው፣ ታንኳውም የኛ ነው። ውሃው ግን አፈር የለውም" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ዓሣቸውን ይዘው ሄዱ።

ሥዕሉን አስረከብኩ። ገንዘቡንም ተቀበልኩ። ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ውሃው አፈር የለውም! ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች ቃል የወጣ ነው።

ለምን ይመስላችኋል እንዲያ ያሉት? ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ እነዚህ ወንዞች የሚገቡት ባዶ እጃቸውን አይደለም። የገበሬውን አፈር ይዘው ነው የሚገቡት። በክረምት ዳር ዳሩን ብታዩት ውሃው ማኪያቶ ይመስላል። ሐይቁ ደግሞ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ነፋስ ሲመታው ደለሉ እንደገና ይነሳል። የጣና የራሱ ቀለም አፈር ነው። ሰማያዊው የተበደረው ነው። የተበደረውም ከሰማይ ነው።

ይህን በዓይናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ዳር ቆማችሁ መጀመሪያ እግራችሁ ስር ያለውን ውሃ እዩ። ከላይ ወደ ታች ስለምታዩት ዓይናችሁ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ የምታዩት ቡናማ ነው፣ አንዳንዴ ወደ ጠላ ቀለም ያደላል። አሁን ቀስ እያላችሁ ቀና በሉ። ራቅ ወዳለው ውሃ ስትሄዱ ዓይናችሁ ውሃውን የሚነካው አግድም ስለሆነ ውስጡን አያይም። ሰማዩን ያያል። ውሃው መስታወት ይሆናል። ቡናማው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ቀስ በቀስ፣ በየማዕበሉ መሀል እየተቆራረጠ ነው ለሰማዩ ቦታ የሚለቀው። ጣናን መሳል ማለት ያችን ለውጥ መሳል ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ታዲያ ለዓይናችሁ የምትረዳ ቀላል መሣሪያ ላሳያችሁ። ይችን ነጭ ወረቀት አያችኋት? መሀሏ ላይ ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች። በቀዳዳዋ ውሃውን እዩ። ሐይቁ አይታያችሁም፣ ቀለም ብቻ ነው የሚታያችሁ። ሐይቅ መሆኑን ስታውቁ አእምሯችሁ "ሰማያዊ ነው" ብሎ ይዋሻችኋል። በቀዳዳዋ ስታዩ ግን ግራጫ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ የወይራ ፍሬ ቀለም ነው። ብዙ ተማሪዎቼ ይችን ወረቀት መጀመሪያ ሲሞክሩ ይደነግጣሉ።

ስለ ነጸብራቅም ልጨምር። ውሃው ላይ የሚታየው የነገሮች መልክ ከነገሩ ቀጥታ በታች ነው የሚወድቀው። ወደ ጎን አይሄድም። ጥቁር ነገር ውሃው ላይ ትንሽ ነጣ ብሎ ይታያል። ነጭ ነገር ደግሞ ትንሽ ጠቆር ይላል። ነጭ ወፍ ደንገል ላይ፣ ማለት ሐይቁ ዳር በሚበቅለው ረጅም ሣር ላይ፣ ቆማ ብታዩ ነጸብራቋ እንደ እሷ ነጭ አይደለም። ሁለቱን እኩል ነጭ ካደረጋችኋቸው ውሃው ይጠፋል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ጣና ደፍራሽ ስለሆነ ጥላ ይይዛል። ጥርት ያለ ውሃ ላይ ጥላ እምብዛም አይታይም። እኛ ጋ ግን የደመና ጥላ ሐይቁ ላይ ሲሄድ በግልጽ ታዩታላችሁ። ይህ ለሰዓሊ ትልቅ ስጦታ ነው። ሰፊውን ውሃ በጥላና በብርሃን መከፋፈል ያስችላችኋልና።

ሰዓቱስ? ጀልባ ነጂዎቹን ጠይቋቸው። ጠዋት ውሃው ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። የተኛ ውሃ ለነጸብራቅ ጥሩ ነው፣ የተነሳው ለማዕበል። ወደ ሰሜን ስትቆሙ ፀሐይ በቀኛችሁ ትወጣለች፣ በግራችሁ በዘጌ በኩል ትገባለች። በታኅሣሥና በጥር እኩለ ቀን ላይ ከጀርባችሁ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን አናታችንን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ከፊታችን ማለት ነው። ስለዚህ ጥር ላይ የጀመራችሁትን ሥዕል ሰኔ ላይ እዚያው ቦታ ቆማችሁ ልትጨርሱት አትችሉም። ቦታው ያው ነው፤ ብርሃኑ ግን ዞሯል።

ሁለተኛው፣ ንድፍ።

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዙ። የክብሪት ሳጥን የሚያክሉ አምስት ስድስት ሳጥኖች ሥሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ አስቀምጡ፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን። ዛፍ የለም፣ ጀልባ የለም፣ ዝርዝር የለም። በዚያች በክብሪት ሳጥን ያላማረ ሥዕል አንድ ሜትር ሸራ ላይ አያምርም።

አድማሱን መሀል ላይ አታድርጉት። ሰማይ ነው የምትስሉት ወይስ ውሃ? ወስኑ። ሰማይ ከሆነ አድማሱን ዝቅ አድርጉ፤ ውሃ ከሆነ ከፍ። ደግሞ አድማሱ ቀጥ ያለ ይሁን። ማስመሪያ ይዛችሁ ከሸራው ግራና ቀኝ ጠርዝ ለኩ። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዬ ዘመም ያለ አድማሴን አይተው "ጣናን ልታፈሰው ነው?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አስምሬ አላውቅም።

በእርሳሱ ጎን ማስታወሻ ጻፉ። "እዚህ ጋ የጠላ ቀለም"፣ "እዚህ ሰማዩ ሮዝ"፣ "ነፋስ ከቀኝ"። እኛ አገር ፀሐይ ስትገባ ቶሎ ነው የምትገባው። ቀለም ስትበጠብጡ ብርሃኑ ያልቃል። ጽሑፉ ግን ደብተራችሁ ላይ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዕበልን በቃል መያዝ ተለማመዱ። ኢቫን አይቫዞቭስኪ የሚባል ሰዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1817 በጥቁር ባሕር ዳር በምትገኝ ፌዮዶሲያ በምትባል ከተማ ተወለደ፣ በ1900 እዚያው አረፈ። ወደ 6,000 የሚጠጋ ሥዕል እንደሠራ ይነገርለታል፤ አብዛኛው ባሕር ነው። ሰውዬው ባሕር ዳር ተወልዶ፣ ባሕር ዳር ኖሮ፣ ትልልቆቹን ሥዕሎቹን የሚሠራው ግን ክፍሉ ውስጥ በትውስታ ነበር። ውጪ የሚሠራው በእርሳስ ትንሽ ንድፍ ነው። ለምን? ማዕበል ቆሞ አይጠብቅምና። እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። ዳር ተቀመጡ። አንድ ማዕበል ምረጡና ሲመጣ፣ ሲያብጥ፣ ሲጎብጥ፣ ሲፈርስ ተከተሉት። ከዚያ ጀርባችሁን ለሐይቁ ስጡና ሳሉት። ዞራችሁ እዩና እንደገና ሳሉት። ሃያ ጊዜ። በሃያኛው ላይ እጃችሁ ያውቀዋል።

ሦስተኛው፣ ቀለም። አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ።

መጀመሪያ ሸራው። ውድ ሸራ ማግኘት ያልቻለ አቡጀዲ ይግዛ፣ ፍሬም ላይ ይወጥር፣ ኮላ ይቀባው፣ ሲደርቅ ጄሶውን፣ ነጩን የሰዓሊ መሠረት ቀለም፣ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርብበት። ኮላውን አትዝለሉት። የዘይት ቀለም ቀጥታ ጨርቅ ከነካ ዘይቱ ጨርቁን ቀስ እያለ ያበሰብሰዋል። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ከቅርብ አይታችኋል? ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ነው። የጥንቶቹ ሰዓልያን ጨርቁን አዘጋጅተው ነው የሳሉበት። ሥራቸው የቆየው በሥዕሉ ማማር ብቻ አይደለም፤ ከሥዕሉ ስር ባለው ሥራም ጭምር ነው።

ከዚያ ዘይቱ። የዘይት ቀለም ዘይት ምንድን ነው? የተልባ ዘይት ነው። ያው ተልባ! እናቴ በጾም ወቅት ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ የምታቀርብልን ተልባ። የወቀጠችበት ሙቀጫ ዳር ዳሩ ላይ የሚቀር የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር። ካልታጠበ ይደርቅና በጥፍር አይለቅም። ልጅ ሆኜ በጥፍሬ ስፍቀው ትዝ ይለኛል። ያኔ የዘይት ቀለምን ምሥጢር እየፋቅሁ እንደነበር የነገረኝ የለም።

ምሥጢሩ ይህ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ታጠበ ልብስ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን ይጠጣል፣ ከጠጣው ጋር ይያያዛል፣ ይጠነክራል፣ ቆዳ ይሆናል። ሁሉም ዘይት ይህን አያደርግም። ይህን ባለማወቄ አንድ ዓመት ከስሬያለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ የተልባ ዘይቴ አለቀ፤ መግዣ የለኝም። ወጥ ቤት ገባሁና የፓልም ዘይት ወስጄ ቀለሙን አቀጠንኩበት። ሥዕሉ አማረ። ሳምንት ጠበቅሁ፣ አልደረቀም። ወር ጠበቅሁ። ዓመት ሞላው፤ ጣት ሲነካው ይጣበቃል። የሐይቁ ትንኝ በየማታው እየመጣ ተለጠፈበት። በመጨረሻ ሰማዬ በሙሉ ትንኝ ሆነ። ልጆች፣ እባካችሁ። የምግብ ዘይት ለወጥ ነው።

ቱቦውንም አመስግኑት። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊ ቀለም የሚይዝ የቆርቆሮ ቱቦ እስኪፈጥር ድረስ አውሮፓ ውስጥ የተዘጋጀ ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር። እሱን ተሸክሞ ውሃ ዳር መሄድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አስቡት።

ስንት ቱቦ ያስፈልጋል? አምስት ይበቃል። ቲታኒየም ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ የአፈር ቀለም)፣ የሎ ኦከር (ቢጫ የአፈር ቀለም)፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ። ጥቁር አትግዙ። አልትራማሪንና በርንት ሲየና ሲቀላቀሉ ጥቁር የሚያስንቅ ጨለማ ይሰጧችኋል፤ ነጭ ሲጨመርበት ደግሞ የክረምት ደመና ይሆናል።

አሁን የሽማግሌው ቃል ወደሚሠራበት ቦታ ደረስን። "ውሃው አፈር የለውም።" እንዴት ነው አፈር የምንሰጠው?

መጀመሪያ አፈሩን ቀቡ! ነጩን ሸራ በሙሉ፣ ሰማዩንም ውሃውንም፣ በርንት ሲየናና የሎ ኦከር ቀላቅላችሁ፣ በተርፔንታይን አቅጥናችሁ በጨርቅ አሹት። ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። አትደንግጡ። ይድረቅ። በማግሥቱ በዚያው ቀለም ወፈር አድርጋችሁ ጨለማ ቦታዎችን አስቀምጡ፤ የዘጌን ጥቁር ጫካ፣ የታንኳውን ሆድ፣ የቅርቡን ማዕበል ጥላ። እስካሁን ሰማያዊ ቱቦ አልተከፈተም። ገባችሁ? እስካሁን ሰማያዊ የለም።

ከዚያ ሰማዩን ከላይ ጀምራችሁ ሥሩ። ሰማዩ ሳይሠራ ውሃ መሥራት አይቻልም፤ ውሃው የሚበደረው ከሰማዩ ነውና። ሰማዩን የሠራችሁበትን ቀለም ከፓሌቱ፣ ከመቀላቀያ ሰሌዳችሁ፣ አትጥረጉት። ጥቂት ሲየና ጨምራችሁ ጠቆር አድርጉትና ያንኑ ይዛችሁ ወደ ውሃው ውረዱ። አድማሱ አጠገብ በሰፊው፣ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ። ወደ እናንተ ስትመጡ ግን ብሩሹን ማንሳት ጀምሩ። እዚህ አንድ ጭረት፣ እዚያ አንድ ጭረት፣ አግድም። በጭረቶቹ መሀል ሥር ያለው አፈር ይታይ። እግራችሁ ስር ስትደርሱ ሰማያዊው ጥቂት ይሁን፣ አፈሩ ይብዛ። አያችሁ? ዳር ቆማችሁ ያያችሁት ለውጥ ራሱ ነው። ሐይቁ ራሱ የተሠራው እንዲህ ነው፤ አፈሩ ከስር፣ ሰማዩ ከላይ።

የጭረቶቹን መጠንም ተጠንቀቁ። ቅርብ ያለው ማዕበል ሰፊ ነው፣ በመሀሉም ሰፊ ቦታ አለ። እየራቀ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ይጠጋጋል፣ አድማሱ ጋ ሲደርስ መስመር ይሆናል። ሁሉን እኩል ካደረጋችሁት ጣሪያ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው።

ስለ መደራረብ ሕጉ አንድ ነው። የታችኛው ስስ ይሁን፣ ተርፔንታይን ይብዛበት። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር የተልባው ዘይት ይጨምር። ለምን? ያልደረቀ ጭቃ ላይ ኖራ ቀብታችሁ ታውቃላችሁ? ኖራው ቀድሞ ይደርቃል፣ ጭቃው ሲሸሽ ይሰነጠቃል። ቅባት የበዛበት ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። እሱን ከስር ካደረጋችሁት በላዩ ያለው ሥራችሁ በሙሉ እንደዚያ ግድግዳ ይሰነጠቃል። የአፈር ቀለሞች ቶሎ ይደርቃሉ፣ ነጭ ይዘገያል። አፈሩን ከስር ማድረጋችን ለዚህም ይጠቅመናል።

ከዚያ ታንኳው። ይህን ትንሽ ላቆያችሁ፤ ስለምወደው ነው። አንድ ቀን ዳር ላይ ሊደርቅ የወጣ የደንገል ታንኳ አጠገብ ሙሉ ጠዋት ተቀምጬ ነበር። ከላይ የደረቀው ደንገል የገለባ ቀለም አለው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ወርቅማ ይሄዳል። ውሃ የጠጣው ታች ግን ጥቁር ቡናማ ነው፤ በሁለቱ መሀል የእጅ ስፋት የሚሆን አረንጓዴ ቅሪት አለ። የታሰረበት ገመድ ደንገሉን ሰርስሮታል። እያንዳንዱ አገዳ ጫፉ ላይ ተከፍቷል፣ እንደ ተሠራበት ብሩሽ። ከዚያ በፊት ታንኳ ስስል አንድ ቡናማ ቀብቼ አልፍ ነበር። ታንኳ ውሃ እየጠጣ የሚከብድ ነገር ነው። ስለዚህ ከፍ ብሎ አይንሳፈፍም፣ ውሃው ውስጥ ዝቅ ይላል። የምትስሉት ታንኳ ውሃው ላይ እንደ ወረቀት ከተቀመጠ አጥማጁ አያምናችሁም።

ጥያቄ አለ? … እንቦጩን እንሳለው ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። አመሰግናለሁ።

እንቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ እዚህም የነቀላችሁ አላችሁ። ብዙ ሰዓልያን ግን ሥዕላቸው ውስጥ አያስገቡትም። ገዢ አይወደውም ይላሉ። እኔ ሳሉት እላለሁ። አበባው ፈዛዛ ወይን ጠጅ ነው፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ከሩቅ ያምራል። ቀርባችሁ ስትስሉት ግን አንድ ነገር ታዩና ልባችሁ ይሰበራል። ነጸብራቅ የለም። የዛፉ መልክ ውሃው ላይ የለም፣ የደመናው መልክ የለም። እንቦጭ የያዘው ውሃ ሰማይ የለውም። እንዲያ አድርጋችሁ ሳሉት። ሪፖርት ከሚያነብበት ይልቅ ሰው ያን ቢያይ ይገባዋል።

አራተኛው፣ መጨረስ።

ብልጭታው መጨረሻ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ውሃ ላይ የምትሠራው መንገድ ሁልጊዜ ከፀሐይዋ ስር ተነስቶ በቀጥታ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ነጩን በጥቂት ኦከር አሙቁት፣ ወፈር አድርጋችሁ በስፓቱላ ጫፍ ንኩት። አሥር ቦታ ያማራችሁን አራት ቦታ አድርጉት። ከዚያ ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩና ሳምንት ተዉት። ስትመለሱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ የፈለጋችሁት ከሆነ አትንኩት። አልቋል። ቫርኒሽ ለመቀባት ግን ቢያንስ ስድስት ወር ጠብቁ፤ ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ዓመት።

አሁን ደግሞ ከሥዕሉ በላይ የሆነ ነገር። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ይበቃኛል። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አታስቀምጡ! ዘይቱ ኦክስጅን ሲጠጣ ይሞቃል። ጨርቁ ከተጨመደደ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ክብሪት ሳይጫር በራሱ ይነድዳል። ደርሶብኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ የጠረግሁባቸውን ጨርቆች ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄ ጥግ ላይ ጣልኩና ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ክፍሉ ይሸታል። ፌስታሉ ቀልጧል፣ ከመሀሉ ጭስ ይወጣል። አጠገቡ የሦስት ወር ሥራዬ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ ልጆች ተኝተው ነበር። ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። እጄ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ጨርቁን ውጪ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ለምኛችኋለሁ።

ብሩሽ ያጠባችሁበትን ተርፔንታይን ወይም አኳራጅ ደግሞ ወደ ጣና አትድፉ። ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡት፤ በሁለት በሦስት ቀን ቀለሙ ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠራውን ቅዱና እንደገና ተጠቀሙበት። የምትስሉትን ውሃ አትበክሉ። መስኮት ክፈቱ፤ ሽታው ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ሰዓቴ አልቋል እያሉኝ ነው። የቀረውን ውሃው ዳር እንጨርሰዋለን። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚነሱበት ትንሽ አለፍ ብሎ ካለው ትልቁ ዋርካ ስር እንገናኝ። ደብተር፣ እርሳስ፣ መሀሏ የተቀደደ ነጭ ወረቀት ያዙ። ሹራብ ያዙ፤ ጠዋት ይበርዳል። ቀለም ግን አታምጡ። ነገ የምናየው አፈሩን ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ።